ስንተኛው ዙር ላይ ነው የተሸነፍኩት?

ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ኳስ በምናይባት ጠባብ ቤት ውስጥ ሠላሳ የምንሆን ሰዎች በእንጨት አግዳሚዎች ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን ነበር። የሪያድና የጅማ ሰዓት አንድ በመሆኑ እዚያም እዚህም እኩለ ሌሊት አልፏል። በልጅነቱ አሸዋ ሲቆፍር ያደገው ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ በሕይወቱ የመጀመሪያ የሆነውን ፕሮፌሽናል የቦክስ ግጥሚያ ከከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ከታይሰን ፉሪ ጋር ሊያደርግ ወደ ሪንጉ ሲወጣ፣ ስለ ቦክስ ብዙም የማያውቀው ሰው ሳይቀር የእሱ ደጋፊ ሆኖ ነበር። በሦስተኛው ዙር የንጋኑ ግራ እጅ አርፎበት ፉሪ ሲወድቅ ቆርቆሮው የሚነሣ እስኪመስል ድረስ ጮኽን። ዐሥሩ ዙር አልቆ ውጤቱ ሲነበብ ግን ሁለት ዳኞች ለፉሪ፣ አንዱ ለንጋኑ ሰጥተው ነበር። አጠገቤ የነበረ የባጃጅ ሾፌር ወዳጄ ብድግ ብሎ «በሉት! ዳኞቹ በሉት!» አለ፤ ቤቱም አስተጋባለት።

እኔ አላስተጋባሁም፤ አልተቃወምኩምም። ፉሪ ሲወድቅ የነበረው ምስል ዓይኔ ላይ ቀርቶ ስለነበር ስለ ሌሎቹ ዘጠኝ ዙሮች ብጠየቅ በእርግጠኝነት የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። ማታውኑ ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ነጥቦቹን በስልኬ ላይ ጽፌ መደመርና መቀነስ ጀመርኩ። አንዱ ዳኛ 95 ለ94 ለፉሪ፣ ሁለተኛው 96 ለ93 ለፉሪ፣ ሦስተኛው 95 ለ94 ለንጋኑ ሰጥተዋል። በቦክስ የነጥብ አሰጣጥ ዙሩን ያሸነፈ 10፣ የተሸነፈ 9 ያገኛል፤ ወድቆ የተቆጠረበት ተሸናፊ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 8 ይሰጠዋል። በዚህ ስሌት ሦስተኛውን ዙር 10 ለ8 ለንጋኑ ብናደርግ፣ 95 ለ94 ለፉሪ የሰጠው ዳኛ ፉሪን ስድስት ዙር፣ ንጋኑን አራት ዙር አሸናፊ አድርጓል ማለት ነው። 95 ለ94 ለንጋኑ የሰጠው ደግሞ አምስት አምስት አካፍሏቸዋል። እንግዲህ «ሌባ» ከተባሉት ሁለት ዳኞች በአንዱና «ሐቀኛ» በተባለው ዳኛ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ዙር ብቻ ነበር፤ ያውም ፉሪ በጃብ፣ ማለትም በፊት እጁ ፈጣን ቀጥተኛ ቡጢ፣ ሲነካካ፣ ንጋኑ አልፎ አልፎ ጠንካራ ቡጢ ሲሰነዝር ካለቁት ዙሮች አንዱ።

ይህን ለወዳጄ በማግስቱ ነገርኩት። ተቀብሎኛል ለማለት አልችልም። «የጣለ ሰው እንዴት ይሸነፋል?» የሚለው ጥያቄው ግን ከባድ ጥያቄ ነው፤ እኔም ዛሬ ድረስ ቀላል መልስ አላገኘሁለትም። ሰው ድብድብን የሚያየው እንደ አንድ ሙሉ ነገር ነው፤ ማን እንደ ተጎዳ፣ ማን እንደ ፈራ፣ ሌላ ሁለት ዙር ቢጨመር ማን ቆሞ እንደሚቀር ይጠይቃል። የዳኝነቱ ሥርዓት ግን ድብድቡን በሦስት ሦስት ደቂቃ ቆራርጦ ነው የሚያየው። ዳኛው እያንዳንዱ ዙር እንዳለቀ ነጥቡን ጽፎ ወረቀቱን ያስረክባል፤ በስምንተኛው ዙር ላይ ሆኖ ሁለተኛውን ዙር በተለየ ዓይን ቢያስታውሰው እንኳ ሊመልሰው አይችልም። ተመልካች በልቡ የያዘው ድምር ከዳኛው ድምር ጋር ሳይገናኝ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ቁራጭ ቆጥሯል፣ ሌላው ሙሉውን ተሸክሟል። ወዳጄ ውሸታም አልነበረም፤ ዳኞቹም ሌቦች ለመሆናቸው ምንም ማስረጃ አልነበረንም።

እኔ ይህ ጉዳይ እንዲህ የሚከነክነኝ እንጀራዬም ዳኝነት ስለሆነ ይመስለኛል። ቡና ቀማሽ ነኝ። ጅማ ውስጥ ቡና የማይነካው ሙያ ጥቂት ነው፤ የእኔ ድርሻ ግን ናሙናው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶና በሲኒ ተቀድቶ ሲቀርብልኝ በማንኪያ እየማግሁ፣ እየተፋሁና ነጥብ እየጻፍኩ መዋል ነው። በውጭ ገበያ «ጅማ አምስት» በሚል ስም የሚታወቀው የአካባቢያችን ደረቅ ቡና ደረጃውን የሚያገኘው በእንዲህ ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የጥሬው ፍሬ መልክና ጉድለት የራሱ ነጥብ አለው፣ የሲኒው ጣዕም ደግሞ የበለጠውን ድርሻ ይይዛል። በቅምሻ ክፍል ውስጥ ሁለት ጥብቅ ልማዶች አሉን። አንደኛው ናሙናው ስም የለውም፤ ኮድ ብቻ ነው። ባለቤቱ ትልቅ ነጋዴ ይሁን ሁለት ኩንታል ያመጣ ገበሬ አናውቅም። ሁለተኛው ነጥባችንን እስክንጽፍ ድረስ አንነጋገርም፤ ፊታችንን እንኳ እንዳናጨማድድ እንጠነቀቃለን፣ ምክንያቱም የአንጋፋው ቀማሽ ፊት የጀማሪውን ምላስ ይመራዋል። ነጥባችን በሰፊው ከተራራቀ ደግሞ ሲኒው ገና ጠረጴዛው ላይ ነውና ተመልሰን እንቀምሳለን።

የቦክስ ዳኛ ከእነዚህ አንዱንም አልታደለም። ስም አይደበቅለትም፤ ሻምፒዮኑ ማን እንደሆነ፣ ሕዝቡ ለማን እንደመጣ፣ ቀጣዩ ትልቅ ግጥሚያ የማንን ማሸነፍ እንደሚጠብቅ ያውቃል። ጩኸት አይከለከልለትም። ያለፈው ዙርም ተመልሶ አይቀመስም። ሦስቱ ዳኞች በሪንጉ ሦስት ጎኖች ስለሚቀመጡ አንዱ ፊት ለፊት ያየውን ቡጢ ሌላው በተጋጣሚው ጀርባ ወይም በመሀል ዳኛው ትከሻ ተጋርዶ ሊያመልጠው ይችላል፤ እኛ በቴሌቪዥን ከከፍታ የምናየውን ያህል እንኳ አያይም።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። ክረምቱ ገና በገባበት በ2014 ዓ.ም. ከተማችን ውስጥ በአንድ አዳራሽ የወጣቶች የቦክስ ግጥሚያ ተዘጋጅቶ ነበር። በወጣትነቴ ሁለት ዓመት ያህል ጓንት አጥልቄ ስለሠራሁ አዘጋጆቹ ያውቁኛል። የጅማ ዝናብ የታወቀ ነው፤ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ ውሎ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ሳይደርስ ቀረ፣ እኔም እንድተካው ተጠየቅሁ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ እሺ አልኩ። የመጨረሻው ግጥሚያ ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ነበር። ሁለቱም ልጆች የዐሥራ ሰባት ወይም የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣቶች ናቸው። አንደኛው ቁመተ ረጅምና ቡጢው የሚጮኽ፣ ከኋላዬ ባለው አግዳሚ ላይ ጓደኞቹ የሞሉለት ነበር። ሌላው አጠር ያለ፣ ጎንበስ ብሎ እየገባ ጎንና ሆድ የሚመታ፣ ብቻውን የመጣ ልጅ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ለአጭሩ፣ ሦስተኛውን ለረጅሙ ሰጠሁ። ሁለተኛውን ዙር ለረጅሙ ስሰጥ እጄ ትንሽ ማመንታቱን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ከሁለቱ ዳኞች አንዱ ለአንዱ፣ ሌላው ለሌላው ሰጥተው ስለነበር ውጤቱ በእኔ ወረቀት ተወሰነ፤ ረጅሙ ልጅ እጁ ተነሣለት።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አጭሩ ልጅ የእጁን ፋሻ እየፈታ ወደ እኔ መጣ። አልተቆጣም። «ጋሼ፣ ስንተኛው ዙር ላይ ነው የተሸነፍኩት?» አለኝ። «ሁለተኛው ላይ» አልኩት። «በምን?» አለኝ። አፌን ከፍቼ የምለው አጣሁ። «ጥሩ ቡጢ አስገብቶብሃል» ብዬ አለፍኩት። የትኛውን ቡጢ፣ በየትኛው ደቂቃ፣ በምን ምክንያት ከእሱ የሆድ ምት በልጦ እንደ ታየኝ ልነግረው አልቻልኩም። የቡና ባለቤት መጥቶ «ነጥቤ ለምን ዝቅ አለ?» ቢለኝ «ሁለት ሲኒ ላይ የሻጋታ ጣዕም አግኝቻለሁ» ብዬ እመልስለታለሁ፤ ለዚያ ልጅ ግን ያንን ያህል መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዳኝነት በጥሞና መፈለግ የጀመርኩት። ያገኘሁት ታሪክ አብዛኛው ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ሮይ ጆንስ የኮሪያውን ፓርክ ሲ ሁንን በፍጻሜው ግጥሚያ እንደ ፈለገ ሲመታው ዋለ፤ በቆጠራ 86 ቡጢ አሳርፎ 32 ነበር የተቀበለው። ሦስት ዳኞች ለፓርክ፣ ሁለት ለጆንስ ሰጡና ወርቁ ለአስተናጋጇ አገር ሆነ። የውድድሩ ምርጥ ቦክሰኛ ተብሎ የተሸለመው ግን ተሸናፊው ጆንስ ነበር። ይህን መሰሉን ነገር ለማስቀረት ከ1992ቱ የባርሴሎና ኦሊምፒክ ጀምሮ የኤሌክትሮኒክስ ቁልፍ መጣ፤ አምስት ዳኞች ይቀመጣሉ፣ ቢያንስ ሦስቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቁልፉን ከተጫኑ ነጥብ ይመዘገባል። ሐሳቡ ንጹሕ ነበር፤ በተግባር ግን የሰው ጣት የማይደርስበት ፈጣን ተከታታይ ቡጢ አንድ ሆኖ ተቆጠረ፣ የጎንና የሆድ ምት ተዘነጋ፣ ልጆችም ነካ አድርጎ መሸሽን ተማሩ። ቁልፉ ቀርቶ የ10 ነጥብ ሥርዓት ወደ ኦሊምፒክ በገባበት እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሪዮ ውድድር ደግሞ ውዝግቡ በርትቶ ከውድድሩ በኋላ 36ቱም የመሀልና የጎን ዳኞች ከሥራ ታገዱ። መሣሪያ ተለወጠ፣ ቀመር ተለወጠ፤ ዳኛው ለተሸናፊው «በምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥበት መንገድ ግን በየትኛውም ጊዜ አልተበጀም።

በፕሮፌሽናሉ ዓለምም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 ሌኖክስ ሉዊስና ኢቫንደር ሆሊፊልድ ኒው ዮርክ ላይ ሲጋጠሙ ሉዊስ እንዳሸነፈ አብዛኛው ተመልካች ተስማምቶ ነበር፤ አንዷ ዳኛ ግን 115 ለ113 ለሆሊፊልድ ሰጥታ፣ ሉዊስ በግልጽ የበለጠበትን አምስተኛውን ዙር እንኳ ለሆሊፊልድ አድርጋ፣ ውጤቱ አቻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ካኔሎ አልቫሬዝና ጌናዲ ጎሎቭኪን ላስ ቬጋስ ላይ ሲጋጠሙ አንዱ ዳኛ 115 ለ113 ለጎሎቭኪን፣ ሌላው 114 አቻ፣ ሦስተኛዋ 118 ለ110 ለካኔሎ ሰጠች። 118 ለ110 ማለት ከዐሥራ ሁለቱ ዙር ዐሥሩን ካኔሎ አሸንፏል ማለት ነው። በቅምሻ ጠረጴዛችን ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት ቢፈጠር ሥራው ይቆማል። እኔ የንጋኑንና የፉሪን ውጤት ከዚህ ጋር አንድ ላይ መድቦ «በሉት» ማለትን የምቃወመው ለዚህ ነው። አንድ ጠባብ ዙር ወደዚህ ወይም ወደዚያ ማዘንበሉና በብዙ ዙር መሳሳት አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም፤ ሁሉንም በአንድ ቃል ስንጠራ እውነተኛው በደል ይደበቃል።

ቡጢ፣ ርግጫና ትግል በአንድ ላይ በሚፈቀድበት በኤምኤምኤ በኩል ያለው ክርክር ሌላ መልክ አለው፤ እኛ ቤት ውስጥም ይበልጥ የሚያጋጨን እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ንጋኑ ዩኤፍሲ በተባለው ትልቁ የኤምኤምኤ ድርጅት የያዘውን ቀበቶ ከፈረንሳዊው ሲሪል ጋን ጋር ሲከላከል፣ በቡጢው ዓለም የሚፈራው ሰው ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ተጋጣሚውን እየያዘ ወደ መሬት ማውረድ ጀመረና በሦስቱም ዳኞች ውሳኔ አሸነፈ። ከእኛ መካከል ግማሹ «ይህ ድብድብ ነው ወይስ ትግል?» ብሎ ተቆጣ። ከጅማ ዙሪያ ገጠር የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ግን በኦሮምኛ ወልአንሶ የሚባለውን ትግል በልጅነታቸው በሜዳ ላይ እያዩ ያደጉ በመሆናቸው ሰውን አንሥቶ ከመሬት ማገናኘት የጉልበትና የብልሃት መጨረሻ እንደሆነ አስረዱን። ሕጉ ለሁለቱም ወገን የሚሆን ነገር አለው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በሥራ ላይ ያለው መመዘኛ ዳኛው አስቀድሞ ውጤታማ ምትንና ውጤታማ ትግልን እኩል እንዲያይ ያዛል፤ ሚዛኑም ተጋጣሚው ላይ የደረሰው ጉዳት ነው። መጣል ብቻውን፣ ጥሎም ምንም ሳያደርጉ መተኛት ብዙ አያስገኝም። ወደ ፊት እየገፉ ማጥቃት የሚታየው በመጀመሪያው ፍጹም እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ሜዳውን መቆጣጠር ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ለማኅበርተኞቼ ከነገርኳቸው ወዲህ «እያባረረው ነበር እኮ!» የሚለው ክርክር በጣም ቀንሷል።

የሚቀረው ትልቁ ችግር ቀመሩ ከቦክስ የተወረሰ መሆኑ ነው። ዐሥራ ሁለት ዙር ባለበት ግጥሚያ አንድ የተሳሳተ ዙር በሌሎቹ ይሸፈናል፤ በሦስት ዙር ግጥሚያ ግን አንድ ዙር የድብድቡ ሢሶ ነው። ሁለቱን ዙር የፀጉር ስንጥቅ በምታህል ልዩነት የተሸነፈ፣ ሦስተኛውን ግን ተጋጣሚውን አደባይቶ ያሸነፈ ሰው፣ ዳኛው ሦስተኛውን 10 ለ8 ለማድረግ ካልደፈረ 29 ለ28 ተሸንፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚህ ላይ የባጃጅ ሾፌሩ ወዳጄ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ 10 ለ9 የሚባል አንድ ቁጥር ለጠባቡም ለሰፊውም ዙር ማገልገል የለበትም።

ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ ዩክሬናዊው ቦክሰኛ ኦሌክሳንደር ኡሲክና ፉሪ ሪያድ ላይ ሲገናኙ ወደዚያችው ቤት የቆራረጥኩት ወረቀትና ስምንት እስክሪብቶ ይዤ ሄድኩ። ፈቃደኛ ለሆኑ ስምንት ሰዎች አደልኩና አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ እያንዳንዱ ዙር እንዳለቀ ከማንም ሳትነጋገሩ ነጥብ ጻፉ፣ ከነጥቡ ጎን ደግሞ ምክንያቱን በአንድ ቃል አስቀምጡ። የቤቲቱ ባለቤት ፈቃድ ተገኝቶ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተዘጋ። በዘጠነኛው ዙር ኡሲክ ፉሪን እያከታተለ ሲመታው፣ ፉሪ በገመዱ ላይ እየተንገዳገደ ሲሄድ የመሀል ዳኛው ገብቶ ቆጠረለት። ቤቱ እንደገና ተከፈለ፤ ግማሹ «ቆጠራው ነው ያዳነው፣ ቢተወው ኖሮ በዝረራ ያልቅ ነበር» አለ፣ ግማሹ ገመድ ያቆመው ሰው እንደ ወደቀ ይቆጠራል አለ። ስምንቱ ግን አንገታቸውን ደፍተው ይጽፉ ነበር።

ውጤቱ 115 ለ112 ለኡሲክ፣ 114 ለ113 ለፉሪ፣ 114 ለ113 ለኡሲክ ሆኖ ተነበበ። በዚያ ሌሊት በወረቀት ላይ ሆነን ያገኘነው ነገር እስካሁን ይገርመኛል፤ በዘጠነኛው ዙር ባይቆጠርበትና ያ ዙር 10 ለ9 ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዱ ዳኛ ለኡሲክ፣ አንዱ ለፉሪ፣ ሦስተኛው አቻ ሰጥተው ድብድቡ ያለ አሸናፊ ይበተን ነበር። የከባድ ሚዛን አራቱን ቀበቶዎች በአንድ ሰው ወገብ ላይ ያሰባሰበው ውሳኔ የተንጠለጠለው በዚያች አንዲት ነጥብ ላይ ነበር። ከስምንቱ አምስቱ ለኡሲክ፣ ሁለቱ ለፉሪ፣ አንዱ አቻ ጽፈው ነበር። ማንም «በሉት» አላለም። የባጃጅ ሾፌሩ ለፉሪ ከጻፉት አንዱ ነበር፤ ወረቀቱን ይዞ «አራተኛው ዙር ላይ እኔ ሆድ ብያለሁ፣ አንተ ምን ብለሃል?» እያለ ሌላውን ሲጠይቅ ሰማሁት።

የዓለም የቦክስ ምክር ቤት በአንዳንድ ግጥሚያዎች ከአራተኛውና ከስምንተኛው ዙር በኋላ ነጥቡ በግልጽ እንዲነበብ የሚያደርግበት አሠራር አለው። ተቃዋሚዎቹ መምራቱን ያወቀ ቦክሰኛ ይሸሻል ይላሉ፤ ስጋታቸው ይገባኛል። እኔ የምመኘው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው፤ ዳኛው ከነጥቡ አጠገብ አንድ ቃል እንዲጽፍ፣ ያም ወረቀት ከግጥሚያው በኋላ ለተሸናፊው እንዲሰጥ።

ከዚያ ሌሊት ጥቂት ሳምንታት በኋላ በአዳራሹ የነበረውን ግጥሚያ በስልክ ቀርጾት የነበረ አንድ ወጣት አግኝቼ ቪዲዮውን ተቀበልኩ። ድምፁን ዘግቼ ሁለተኛውን ዙር ብቻ ደጋግሜ አየሁት። ረጅሙ ልጅ የሰነዘራቸው፣ እኔ ከኋላዬ ጩኸት የሰማሁባቸው ቡጢዎች አብዛኞቹ ያረፉት በጓንትና በክንድ ላይ ነበር። አጭሩ ልጅ ግን አራት ጊዜ ንጹሕ የጎን ምት አሳርፏል፤ በአራተኛው ላይ ረጅሙ ልጅ ክርኑን ሰብስቦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ያኔ አንዱንም አልጻፍኩትም፤ የጎን ምት አይጮኽም።

ልጁ አሁንም ልምምድ እንደሚሠራ ስለ ሰማሁ አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ሄድኩ። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ከአዌቱ ወንዝ ወዲህ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከጣሪያ የተሰቀለ ጆንያ ሲመታ አገኘሁት። ቁመቱ ጨምሯል። አስታወሰኝ። «ሁለተኛው ዙር የአንተ ነበር» አልኩት፤ አራቱን ምቶች ከነደቂቃቸው ነገርኩት፣ ለምን እንዳላየኋቸውም ነገርኩት። ይቅርታም ጠየቅሁት። ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ቆየና «ሦስተኛውስ፣ ጋሼ?» አለኝ።

«ሦስተኛው የእሱ ነው። ደክመህ ነበር፤ እጅህን አውርደህ ነበር።»

«እሱን አውቃለሁ» አለና ጓንቱን በጥርሱ አጥብቆ ወደ ጆንያው ተመለሰ፤ እጁን ከመንጋጋው አላወረደም።